ስለ ነጯ መኪና ያልመሰከርኩት

አሶሳ፣ ሚያዝያ 1998 ዓ.ም.

ውድ ሐመድ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የባለቤትህ የዓዲላ እህት ዐዋጢፍ ናት። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አገኘኋትና ሱዳን ውስጥ ደማዚን እንዳለህ፣ ዓዲላም ልጆቹን ይዛ ወደ አንተ እንደተሻገረች ነገረችኝ። «ደህና ነው?» ብዬ ስጠይቃት የምትሸጠውን ሳሙና እየደረደረች «ጭነት ያወርዳል» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ጭነት ያወርዳል። ሌላ ደፍሬ አልጠየቅኩም።

እንደ ወጉ ስለ ጤናህና ስለ ቤተሰብህ ልጠይቅህ ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። እኔ ይህን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምጽፍልህ ስለ ነጯ መኪና ነው። መሪውን የያዝከው አንተ ስለነበርክ የሆነውን ሁሉ የምታውቅ ይመስልሃል። የማታውቀው አለ። እሱን ነው የምነግርህ፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

በ1990 ክልሉ ገና አዲስ እንደነበረ ታስታውሳለህ። ቢሯችን ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ስብሰባ ሲኖር ወንበር የምንዋሰው ከትምህርት ቤት ነው። መኪናችን ደግሞ ከሰፈራው ዘመን የተረፈችው ላንድሮቨር ብቻ ነበረች። አንተ ትነዳታለህ፣ እኔ እፈታታለሁ፣ እገጥማታለሁ። ዝናብ ታስገባለች፣ ወገብ ትሰብራለች፣ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላን አታውቅም። ኃላፊያችን አቶ ምንያህል ከመሀል አገር ተመድቦ ሲመጣ እሷን አይቶ አፈረ። «ከሌላ ክልል እንግዳ ሲመጣ በዚህች ነው የምንቀበለው? እኛ ከማን እናንሳለን?» አለ። በንግግሩ ያልተስማማ ሰው አልነበረም። እኔም ልቤ ሞቆ ነበር።

ሦስት ሰው ያለው የግዢ ኮሚቴ ተቋቋመና እኔ የቴክኒክ ባለሙያ ተብዬ ገባሁ። ከወለጋ፣ ከነጆ ወጥቼ በመዶሻና በቁልፍ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ «ባለሙያ» ብሎ የጠራኝ አልነበረም። አዲስ አበባ ሄድን። ሆቴል አሳደሩን። ሻጩ ድርጅት ውስጥ ስንገባ ወለሉ ፊትን ያሳያል። ነጯ መኪና መሀል ላይ ቆማለች። ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት፣ ሽታዋ ራሱ ሌላ ነው። በእሷ ዋጋ ሦስት ደህና የሥራ መኪና ይገዛ ነበር።

ካርቶን ለምኜ አነጠፍኩና ከሥሯ ገባሁ። ሻጩ ሳቀ፤ እዚያ ቤት ከሥር ገብቶ ያየ ገዢ አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ። ሐመድ፣ ያየሁትን ልንገርህ። ላዩ ላይ ያንን ሁሉ ያንጸባረቀ መኪና ሥሩ ስስ ነው። ላሜራው በጣት ሲነካ ወደ ውስጥ ይገባል። የፊት ጎማን ከሻሲው ጋር የሚይዘው ብራቾ፣ በላንድሮቨሯ ዘመን ክንድ የሚያህል ብረት የነበረው፣ እዚህ ከቀላል ቅይጥ ብረት ቀልጦ የተቀዳ ቀጭን ነገር ነበር። ወጣሁና ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ የዛሬ መኪና እንደ ድሮው በኪሎ አይመዘንም» አለኝ ሻጩ። «አሁን ጥራት ማለት ስሌት ነው። አንድ ግራም ትርፍ ብረት አይገባም። ዋጋውም የሚከፈለው ለዚህ ነው።»

አቶ ምንያህል ሰዓቱን አየ። ሌላው የኮሚቴ አባል ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ አያቱን ገበያ ይዞ የወጣ ሰው ፈገግታ ነበር። አፈርኩ። የጠየቅኩት ትክክለኛ ጥያቄ እንደነበር እጄ ያውቃል፤ እኔ ግን አፈርኩ። ማታ ሆቴል ውስጥ የቴክኒክ አስተያየቱን ስጽፍ እንዲህ ብዬ ጨረስኩት፦ «የመኪናዋ የአሠራር ጥራት ከተጠየቀው ዋጋ ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኝቷል።» ፈረምኩ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የተዋበው አረፍተ ነገር እሱ ነበር።

አንተ መጥተህ ተረከብካትና አብረን ወደ አሶሳ ተመለስን። ነቀምቴ ስንቆም በሩን ከፍተህ ትዘጋለህ፣ እንደገና ከፍተህ ትዘጋለህ። «ምን ሆንክ?» አልኩህ።

«ይሄ በር ድምፁ ጥሩ ነው» አልከኝ። «ግን ብረት አይደለም የሚናገር። ጎማ ነው። ጎማ አድርገው ድምፅ ሠሩለት።»

እኔ ባለሙያው ከሥሯ ተኝቼ ካየሁት ይልቅ አንተ በጆሮህ የሰማኸው በለጠ። ሳቅኩና አለፍኩት።

ውሸት አልጨምርም፤ መኪናዋ ጥሩ ነገር ነበራት። ፍሬኗ የሚገርም ነበር። ውስጧ ተቀምጦ ሰው በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ባምባሲ ደርሶ የሚወርደው ሰው ሸሚዙ አይጨማደድም። ግን አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ማን እንደሆነች ታወቀ። መስኮቱ ተዘግቶ አልከፈት አለ። እንጨት ያልነው እንጨት ሳይሆን ቀለም የለበሰ ፕላስቲክ ኖሮ ከጫፉ ተላጠ። የዚህ አገር ቀይ አቧራ በማናውቀው በኩል እየገባ መቀመጫው ሥር ይከመር ጀመር። አንተ በየጠዋቱ ትጠርጋለህ። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ «የውድ ዕቃ ነገር እንክብካቤ ይፈልጋል» እላለሁ። ስሜ ያለው ወረቀቱ ላይ ነዋ።

ከዚያ ጥር 1991 መጣ። ጋራዥ በር ላይ ቆመህ ጠራኸኝ።

«ቀጄላ፣ የፊት ቀኝ ይናገራል።»

«ምን ይላል?»

«ጠክ ይላል። ቁልቁለት ስሄድ፣ ፍሬን ስይዝ።»

«ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቷል?»

«መብራት የለም። እኔ ጆሮ አለኝ።»

መፍታት ነበረብኝ። ግን ሻጩ ድርጅት ከእነሱ ሰው በቀር ሌላ እጅ ከነካት ዋስትናው ይፈርሳል ብሎ ጽፎልናል። አዲስ አበባ እንላካት ብዬ አቶ ምንያህልን ጠየቅኩ፤ «የክልሉ ጉባኤ ይለፍ፣ እንግዳ የምንቀበለው በእሷ ነው» አለኝ። በጽሑፍ አልጠየቅኩም። በአፍ ብቻ ነው፣ እሱንም አንድ ጊዜ። ወደ አንተ ተመለስኩና ጎንበስ ብዬ ጎማውን በእጄ ነቅነቅ አደረግኩት። «ምንም የለበትም፣ ንዳ» አልኩህ። ነዳህ። እኔ ካልኩህ ትነዳ ነበር።

የካቲት 16 ቀን ከባምባሲ ስትመለሱ አብራህ የነበረችው በለጡ ነበረች፤ የመዝገብ ቤቷ በለጡ። መዝገብ አድርሳ መመለሷ ነበር። ያቺን ልጅ ቢሮው ውስጥ የማይወዳት አልነበረም። «ሐመድ፣ ይህች መኪና ከእኔ ደሞዝ በላይ ትበላለች» እያለች ታስቅህ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የፊት ቀኝ ጎማ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ታጠፈና መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከማንጎ ዛፍ ጋር ተላተመች። ዛፉ ያገኘው በእሷ በኩል ነው። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። አንተ ሦስት የጎን አጥንትህ ተሰብሮ፣ አልጋ ላይ ሆነህ፣ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛህ ትጠይቀኝ የነበረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በለጡ በላ? ውኃ ሰጡት?» ያን ቀን መሞቷን አልነገሩህም ነበር።

እስከዚህ ድረስ አንተም ታውቃለህ። የማታውቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስብርባሪዋን ጎትተን ጋራዥ አስገባን። ከፖሊስ በፊት እኔ ነኝ ያየኋት። ብራቾው ለሁለት ተሰብሯል። ስባሪውን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ብረት ሲሰበር ይናገራል፤ አሁን የተሰበረ እንደሆነ ፊቱ ያንጸባርቃል፣ ቀድሞ የተሰነጠቀ እንደሆነ አቧራና ዘይት ገብቶበት ይጠቁራል። የዚህኛው ፊት ከግማሽ በላይ ጠቁሯል። ከጥቁሩ መሀል የምስር ፍሬ የምታህል ባዶ ቀዳዳ አለች፤ ብረቱ ቀልጦ ሲቀዳ አየር ያዘና እንደዚያው ቀረ። ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ቀዳዳ ነበረው። ከተሰነጠቀም ሳምንታት አልፈውታል። አንተ ጠክ ይላል ያልከኝ እሱ ነው።

ሐመድ፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። መኪናዋ ዛፉን ስለመታች አይደለም ብራቾው የተሰበረው፤ ብራቾው ስለተሰበረ ነው ዛፉን የመታችው። ይህን በዚያ ጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ፣ ጥርት አድርጌ አውቄዋለሁ።

አቶ ምንያህል ቢሮው ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋ። «አቶ ቀጄላ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ፖሊስ የቴክኒክ ውጤት ከአንተ ይጠይቃል። ብረቱ ነው ካልክ፣ ‹ብረቱን ማን መረጠው?› ይባላል። ‹ሹፌሩ ድምፅ አለው ሲል ማን ንዳ አለው?› ይባላል። ልጆችህ ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«አስብበት።»

አላስፈራራኝም፤ እጄንም አልጠመዘዘም። የጠየቀኝ ጥያቄ እኔ ራሴ ሌሊቱን ሙሉ ስጠይቀው ያደርኩትን ነው። ወረቀቱ ላይ «ብራቾው የተሰበረው በግጭቱ ኃይል ነው፤ የአደጋው መንስኤ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስባሪውን በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ለምን እንዳልጣልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፍርድ ቤቱን ታስታውሳለህ። እኔ በየቀኑ አስታውሰዋለሁ። ዳኛው ምን ትላለህ ሲሉህ ደረትህን በእጅህ ደግፈህ ቆምክ።

«እኔ ብዙ አማርኛ አላውቅም» አልክ። «መኪናው እግሩ መጀመሪያ ሄደ። ከዚያ ዛፍ መጣ። ቀጄላ ብረት ያውቃል፣ እሱ አይቷል። እሱ የሚለው ሃቅ ነው፣ እኔ እቀበላለሁ።»

እኔ ቃለ መሐላ ፈጽሜ ተነሳሁና የጻፍኩትን አነበብኩ። ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁህ። በቁጣ ታየኛለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን አንድ ቃል የተሳሳተ ሰው እስኪያርም እንደሚጠበቅ ትጠብቀኝ ነበር። ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ፈረዱብህ፤ መንጃ ፈቃድህንም ወሰዱት።

በወሩ የጋራዡ ኃላፊ ተደረግኩ።

አንድ ቀን ዓዲላ ጋራዥ መጣች። ለማልቀስ ወይም ለመሳደብ የመጣች መስሎኝ ሠራተኞቹን አስወጣሁ። እሷ ግን በዝግታ፣ በቃሏ አጥንታ የመጣችውን መልእክት ነገረችኝ። «ሐመድ ላከኝ። ‹ፍርድ ቤት አማርኛ ተበላሸብኝ? ቀጄላ ያልገባው ነገር አለ?› ብሎ ነው።»

ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቼ ሰጠኋት፤ ለእስረኛ እንድታደርስ። መልስ አልሰጠኋትም። መልሱን አሁን ልስጥህ፦ አማርኛህ አልተበላሸም። ከአንድ ቃል በቀር ሁሉም ገብቶኝ ነበር፤ ያ አንድ ቃል ‹ሃቅ› የሚለው ነበር፣ እሱም ቢሆን ትርጉሙን ስላላወቅሁ አልነበረም።

ስትፈታ ሰላም ሊልህ ያልመጣ እኔ ብቻ ነኝ። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳይህ መንገድ ቀየርኩ። በኋላ በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግረህ ሄድክ ሲሉኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።

እፎይታው ግን አልቆየም። ቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት በሚሰጥበት እሑድ ሁሉ እታመማለሁ። አንዴ ራሴን፣ አንዴ ሆዴን። ብሪቱ ባለቤቴ እነዚህን ዓመታት ሁሉ ሻይ እያፈላች አስታመመችኝ። ዘንድሮ የካቲት ውስጥ ቢሮው የነጯን መኪና ስብርባሪ በሐራጅ ሸጠው። አንድ የላሜራ ሠራተኛ ገዛትና በመጥረቢያ ሲቆራርጣት ቆሜ አየሁ፤ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ቤት ገብቼ ከአልጋ ሥር ጆንያውን አወጣሁና ፈትቼ ተቀመጥኩ። ብሪቱ ገባች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

ነገርኳት፤ አንተ አሁን ያነበብከውን ሁሉ። እያለቀስኩ ነበር፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ስጨርስ ስባሪውን አነሳችና ክብደቱን በእጇ ለካች።

«ለእኔ መንገርህ ምን ይጠቅመዋል?» አለችኝ። «ዓዲላ ልጆቿን ይዛ በዚህ በር ፊት ለፊት ስታልፍ እኔ ሰላም እላት ነበር። አንተ እቤት ውስጥ ሆነህ እያወቅክ። ለሚገባው ሄደህ ንገር። እስክትነግር ድረስ አታናግረኝ።»

በማግስቱ ስባሪውን ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የሬጅስትራሩ ጸሐፊ ወጣት ሴት ናት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። በሐሰት መስክሬ ነበር እያልኩ መሆኔ ስላልገባት ሳይሆን፣ ሳይጠሩኝ መምጣቴ ግራ ስለገባት ነው። ቃሌን በጽሑፍ ተቀበሉኝ፤ ብረቱንም በደረሰኝ ተረከቡኝ። ዓቃቤ ሕግ እንደሚጠራኝም ነገሩኝ። ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ግን ማመልከት የሚችለው የተፈረደበት ሰው ነው አሉ። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የሰጠሁት ቃል ግልባጭ ነው። ሁለተኛው ማመልከቻው ነው፤ አስጽፌዋለሁ፣ የጎደለው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። ፈርመህ በዐዋጢፍ ብትልከው እኔ አስገባዋለሁ። ወይ ራስህ ብትመጣ ይሻላል። ስምህ ሲጠራ በጆሮህ ብትሰማው ደስ ይለኛል። ደስታዬ ለአንተ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከፍርድ ቤት ወጥቼ ወደ አምባ ስምንት ሄድኩ፤ የበለጡ እናት እማማ ዘመናይ እዚያ ናቸው። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ጊዜ በለጡ እጃቸውን ይዛ የምትሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ማሽላ ሲያበጥሩ ደረስኩ። ጉቶ ላይ አስቀምጠውኝ ሥራቸውን ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። የብረቱን ነገር ስነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡት።

«እና ሹፌሩ?» አሉ።

«እሱ ምንም አላጠፋም፣ እማማ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሰባት ዓመት ረገምሁት» አሉ። «ጧት ስነሳ፣ ማታ ስተኛ። ልጆች አሉት?»

«ሦስት።»

«እነሱንም ጨምሬ ነው የረገምሁ።» ሰፌዱን ገፋ አደረጉት። «አሁን እንዴት አድርጌ ነው የማነሳው?»

ስምህን ከነአባትህ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ሦስት ጊዜ ስምህን ደጋገሙት። የበርታ ስም ነውና አንዱ ፊደል አልወጣ አላቸው፤ እኔ አረምኩላቸው፣ እንደገና በትክክል አሉት። ከዚያ አይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«ያንተስ ስም?»

ነገርኳቸው።

እሱን አልደገሙትም። «በል ሂድ» አሉኝና ሰፌዳቸውን አነሱ።

ሐመድ፣ ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የመስጠትን ሸክም አልጨምርብህም። መልስ ባትጽፍልኝም እረዳሃለሁ። ወረቀቱን ግን ፈርመው፤ ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለልጆችህ። ለዓዲላም የዚያን ቀን ጥያቄዋ መልስ እንዳገኘ ንገራት። የምትመጣ ከሆነ ቤቴን ሳትጠይቅ በቀጥታ ፍርድ ቤት ግባ፤ በተጠራሁበት ቀን ሁሉ እዚያ እገኛለሁ። ምናልባት በዚያ ጊዜ ታስሬ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነም ስኳር አታምጣልኝ።

በአንተ ላይ በሐሰት የመሰከረው፣
ቀጄላ ዱሬሳ